ርካሽ ሆሎው ቦዲ ጊታርን ለጃዝ ድምፅ ማብቃት፦ የአንገት ፒክአፕ አቀያየር ዝርዝር መመሪያ

ለጃዝ ተብለው በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጡ ሆሎው ቦዲ፣ ማለትም አካላቸው ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ጊታሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚታሙት በፒክአፓቸው፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ክፍል፣ ነው። ሐሜቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ነገር ግን ከፒክአፕ በፊት መሠራት ያለባቸው፣ ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆነ ወይም ጨርሶ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች አሉ። ቅያሬው አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም ሁለቱንም ፒክአፖች መለወጥ አያስፈልግም። የጃዝ ጊታር ድምፅ በአመዛኙ የሚወጣው ከአንገቱ አጠገብ ካለው ፒክአፕ በመሆኑ፣ ያለውን ገንዘብ በአንድ ጥሩ የአንገት ፒክአፕ ላይ ማዋልና የድልድዩን እንዳለ መተው ይሻላል። በዚህ ላይ፣ ብዙ ሰው የሚፈራውን፣ ሽቦውን በሙሉ በኤፍ ቀዳዳው (በጊታሩ ደረት ላይ ባለው የኤፍ ቅርጽ ክፍተት) በኩል ጎትቶ የማውጣቱን ሥራ ማስቀረት የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ከዚህ በታች የሚቀርበው በዋናነት ያ መንገድ ነው።

እንደ ምሳሌ የተመረጠው ጊታር አይባኔዝ አርትኮር ኤኤፍ75 ነው። አርትኮር እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ፣ ሆሎው ቦዲና ሰሚ ሆሎው ጊታሮችን ለብዙ ሰው ኪስ እንዲስማሙ አድርጎ ያቀረበ ተከታታይ ምርት ነው። ኤኤፍ75 ውስጡ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው፤ ሁለት ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅልል) ፒክአፖች፣ ሁለት ቮልዩም፣ ሁለት ቶንና አንድ ባለ 3 ቦታ መምረጫ ስዊች አለው። እዚህ የሚባለው ሁሉ ኤፒፎን ኤምፐረርን ለመሳሰሉ ተመሳሳይ ጊታሮችም ይሠራል። እንደ ኢኤስ-335 መሀሉ ላይ እንጨት የተሞላባቸው ሰሚ ሆሎው ጊታሮች ግን ለፊድባክ (ከአምፕሊፋየሩ ድምፅ ለሚነሳ ጩኸት) ያላቸው ጠባይ ስለሚለይ፣ የመጨረሻው ክፍል እነርሱን እምብዛም አይመለከትም።

የእነዚህ ጊታሮች ሁሉ አባት የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ኢኤስ-175 ነው። አካሉ ከአንድ ወጥ እንጨት ተፈልፍሎ የወጣ ሳይሆን ከተነባበረ ስስ ሜፕል የተሠራ ነበር፤ መጀመሪያ የተገጠመለትም ፒ-90 የሚባለው ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ ነው። ሴት ላቨር የተባለው የጊብሰን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሃምበከር ወደዚህ ጊታር የገባው በ1957 ነው። የጃዝ ጊታር ተጫዋቹ ጂም ሆል ድምፁን ያበጀው መጀመሪያ ፒ-90 በነበረው ኢኤስ-175 ሲሆን፣ ሌላው የጃዝ ጊታር ተጫዋች ጆ ፓስ ደግሞ ባለ ሃምበከሩን ይዞ ታውቋል። ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚጠቅመው ቁም ነገር፣ ያ ለጃዝ ተምሳሌት የሆነው ድምፅ የወጣው በዛሬ መለኪያ ደካማ ከሚባሉ፣ 7 ወይም 8 ኪሎ ኦም ገደማ ከሚለኩ ፒክአፖች መሆኑ ነው። ኃይለኛ ፒክአፕ ለጃዝ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሥራ

መጀመሪያ የሚቀየረው ክሩ ነው። ከሱቅ የሚመጡት ጊታሮች አብዛኛውን ጊዜ ቀጫጭን ራውንድዋውንድ ክር ተገጥሞላቸው ሲሆን፣ የጃዝ ተጫዋቾች የሚመርጡት ግን ላዩ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ጠፍጣፋ የሆነውን ፍላትዋውንድ ነው። ቶማስቲክ ጃዝ ስዊንግ ወይም ዳዳሪዮ ክሮምስ፣ ከ0.012 ኢንች የሚጀምረው፣ ጥሩ መነሻ ነው። የጣት ፍጭጭታው ይጠፋል፣ የድምፁ ጫፍ ይለሰልሳል፣ ሦስተኛው ክርም ጥምጥም ስለሚሆን ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) እርስ በርሱ ይዋሃዳል። ፍላትዋውንድ ኢትዮጵያ ውስጥ በየሱቁ ስለማይገኝ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ሁለት ማሸጊያ ማስመጣት ብልህነት ነው፤ ቶሎ የማያረጅ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ወፍራም ክር ሲገባ የአንገቱ ጉብጠት ሊጨምር ስለሚችል የውስጥ ብረቱን በጥቂቱ ማጥበቅ፣ ከጊታሩ ራስ አጠገብ ያለው ነትም ክሩን ከያዘው መሰንጠቂያውን በጥቂቱ ማስፋት ሊያስፈልግ ይችላል።

ቀጥሎ የነባሩ ፒክአፕ ከፍታ ይስተካከላል። ፋብሪካው ፒክአፑን ወደ ክሩ አስጠግቶ የሚልክበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የተጠጋ ፒክአፕ ደግሞ ወፍራሞቹን ክሮች ያጎላና ድምፁን ያደፈርሰዋል። የመጨረሻው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ክሩን ተጭነው፣ ከክሩ ሥር እስከ ፒክአፑ ያለው ርቀት በ6ኛው ክር በኩል 3 ሚሊ ሜትር፣ በ1ኛው በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሆን ድረስ የጎንና የጎኑን ብሎኖች ያላሉ።

ከዚህ በኋላ ጊታሩን ያዳምጡ። የአንገት ፒክአፑን መርጠው፣ ቶኑን ሙሉ በሙሉ ከፍተው፣ አንድ የትዝታ ዜማ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ በዝግታ ይጫወቱ፤ ከዚያም አራት ድምፅ ያለው ኮርድ በመሀለኞቹ ክሮች ላይ ይምቱ። የኮርዱ የውስጥ ድምፆች አንድ በአንድ ተለይተው የሚሰሙ ከሆነና ቶኑን ወደ 5 ሲያወርዱት ድምፁ ከለሰለሰ፣ ፒክአፕ መቀየሩ ብዙም አያስፈልግዎትም። ድምፆቹ ወደ አንድ ጥቅል ከተቀላቀሉ፣ ቶኑን ሲቀንሱም ከመለስለስ ይልቅ ብርድ ልብስ የተጣለበት ከመሰለ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የፒክአፑ ነው ብሎ መደምደም ይቻላል። የጃዝ ድምፅ ከፍተኛ ድምፆች የሌሉበት ድምፅ ነው የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የሚቀነስ ከፍተኛ ድምፅ መጀመሪያ መኖር አለበት።

የትኛው ፒክአፕ

ሲመርጡ ሦስት ነገር ይመልከቱ። የመጀመሪያው ማግኔቱ ነው፦ አልኒኮ 2 ለስለስ ያለ ምት፣ አልኒኮ 5 ደግሞ ጠንከር ያለ ባስና ጥርት ያለ ጫፍ ይሰጣል። ሴራሚክ ማግኔት ያለውን ለዚህ ሥራ ይተዉት። ሁለተኛው የጥቅልሉ መጠን ነው፤ በኦም የሚለካው ቁጥር ብቻውን የፒክአፑን ኃይል አይናገርም፣ ምክንያቱም የሽቦው ቅጥነትም ቁጥሩን ይለውጠዋል፤ ቢሆንም በተለመደው የሃምበከር ሽቦ ለተሠራ የአንገት ፒክአፕ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም ያለው ተመራጭ ነው። ሦስተኛው ክዳኑ ነው። ርካሽ ፒክአፖች አንዳንዴ የሚሸፈኑት በናስ ሲሆን፣ ናስ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ በውስጡ የሚዞረው ጅረት ከፍተኛ ድምፆችን ይበላል። ኒኬል ሲልቨር የሚባለው ቅይጥ ይህ ችግር እጅግ ያነሰበት ነው።

ከታወቁት መካከል የሲይሞር ደንከን ሴት ላቨር ሞዴል አልኒኮ 2 ያለውና በሰም ያልተነከረ (የጥቅልሉ ሽቦ በሰም ያልተያዘ)፣ አየር ያለው ድምፅ የሚሰጥ ነው። የዚያው ኩባንያ '59 ሞዴል አልኒኮ 5 ያለው ሲሆን ለአንገት የተሠራው 7.4 ኪሎ ኦም ገደማ ይለካል። የጊብሰን 57 ክላሲክ አልኒኮ 2 ያለው፣ ደግሞም በሰም የተነከረ ነው። የእኔ ምርጫ፣ ጊታሩ ከከበሮና ከትራምፔት ጋር መድረክ ላይ የሚወጣ ከሆነ በሰም የተነከረው ነው፤ ለቤትና ለስቱዲዮ ከሆነ ያልተነከረው። በሃምበከር መጠን የተሠራ ፒ-90 መግጠምም ይቻላል፤ የሲይሞር ደንከን ፋት ካት ለዚህ የተሠራ ነው። የጂም ሆልን የመጀመሪያ ዘመን ድምፅ ለሚወድ ሰው ይህ አጓጊ ነው፤ ነገር ግን ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ ከመብራት መስመሩ የሚመጣውን ጉምጉምታ እንደሚይዝ አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጉምጉምታ 50 ኸርዝና ከእርሱ በላይ ያሉት ብዜቶቹ ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 60።

ከመክፈልዎ በፊት ከ1ኛው እስከ 6ኛው ክር ባሉት የፒክአፑ ብሎኖች መሀል ያለውን ርቀት ይለኩ። ለአንገት የሚሆነው 49 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ 52 ወይም 53 ሚሊ ሜትር የሆነው ለሰፊ ድልድይ የተሠራ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ባለ 4 ሽቦ የሆነውን ይግዙ፣ ምክንያቱም አዲሱ ፒክአፕ ከነባሩ የድልድይ ፒክአፕ ጋር ፌዙ (የሞገዱ አቅጣጫ) ላይገጥም ይችላል። ባለ 4 ሽቦ ከሆነ ሁለት ሽቦ በማለዋወጥ ይስተካከላል። በሹሩባ ሽቦ የተሸፈነ ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ ግን ውጫዊው ሹሩባ ከብረት ክዳኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሊለዋወጥ አይችልም።

መሣሪያና የሥራ ቦታ

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ከ30 እስከ 40 ዋት የሆነ የብየዳ ካውያ፣ ውስጡ ፍሉክስ ያለው ቀጭን የብየዳ እርሳስ፣ ቴስተር፣ አነስተኛ የመስቀልና የጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ የሽቦ መቁረጫና ቀጭን ፒንሳ፣ በሙቀት የሚኮማተር የላስቲክ ቱቦ በሁለት መጠን፣ የወረቀት ፕላስተርና ለስላሳ ጨርቅ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካውያ ካለ ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ካውያ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፣ ሠሪውንም ለአደጋ ያጋልጣል። ብየዳው ጭስ ስለሚያወጣ መስኮት ይከፈት፣ ከሥራ በኋላም እጅ ይታጠብ። ጊታሩ በወፍራም ፎጣ ላይ ይተኛ፤ አንገቱም ከሥሩ በተጠቀለለ ጨርቅ ይደገፍ።

ሳይፈቱ መለካት

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ በኋላ ላይ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ጊዜ የሚቆጥበው እርሱ ነው። የጊታሩን ኬብል ጃኩ ላይ ይሰኩና በነፃው ጫፍ ያለውን መሰኪያ በቴስተሩ ይንኩ፦ ሹል ጫፉን በቀዩ፣ የብረት ዘንጉን በጥቁሩ። ሁለቱንም ቮልዩም ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፤ ቶኑ የትም ቢሆን ለውጥ የለውም፣ ካፓሲተሩ ቀጥተኛ ጅረት አያሳልፍምና። ቴስተሩን በ20 ኪሎ ኦም ላይ አድርገው የአንገቱን፣ የድልድዩንና የሁለቱን ቁጥር በየተራ ይመዝግቡ። ስዊቹ መሀል ላይ ሲሆን ሁለቱ ፒክአፖች ጎን ለጎን (በፓራለል) ስለሚያያዙ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ለምሳሌ 7.4 እና 8.1 ኪሎ ኦም አብረው 3.9 ገደማ ይሰጣሉ።

ቀጥሎ የፌዙ አቅጣጫ ይታያል። የድልድዩ ፒክአፕ ብቻ እንደተመረጠ፣ የካቻቢቴውን ብረት በብሎኖቹ ላይ ጋደም ያድርጉና ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ፤ ከዚያም በድንገት ብድግ ያድርጉት። በቴስተሩ ላይ ያለው ቁጥር ለቅጽበት ወይ ሽቅብ ይዘላል ወይ ቁልቁል ይወርዳል። አቅጣጫውን ይጻፉ። አዲሱም ፒክአፕ በተመሳሳይ አቅጣጫ መዝለል አለበት። አዲሱን ገና ሳይገጥሙ ከማሸጊያው አውጥተው ይሞክሩት፦ ቀዩን የቴስተር ጫፍ በፒክአፑ ዋና ሽቦ (ድምፁን በሚያወጣው) ላይ፣ ጥቁሩን በግራውንዱ (በመመለሻው ሽቦ) ላይ አድርገው ያንኑ ይደግማሉ። አቅጣጫው ከተገለበጠ ዋናውና የግራውንዱ ሽቦ ይለዋወጣሉ እንጂ ፒክአፑ አይመለስም።

የሽቦ ቀለሞቹ እንደ ኩባንያው ይለያያሉ። በሲይሞር ደንከን ጥቁሩ ዋናው ሽቦ ነው፤ ቀዩና ነጩ እርስ በርስ ተበይደው ይሸፈናሉ፤ አረንጓዴውና ልባስ የሌለው ሽቦ ግራውንድ ይሆናሉ። በዲማርዚዮ ዋናው ቀዩ ነው፤ ጥቁሩና ነጩ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ አረንጓዴውና ልባስ የሌለው ግራውንድ ናቸው። ፌዙ ተገልብጦ ሲገኝ በደንከን አረንጓዴው ዋና፣ ጥቁሩ ግራውንድ ይሆናል፤ ልባስ የሌለው ሽቦ ግን ምንጊዜም ከግራውንድ አይነሳም።

ነባሩን ማውጣት

የሆሎው ቦዲ ድልድይ በክሮቹ ጫና ብቻ የቆመ ሊሆን ይችላል፤ ክሩ ሲላላ ይንሸራተታል፣ ቅኝቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከእግሮቹ ዙሪያ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው ቦታውን ምልክት ያድርጉ። በክሮቹ ጫፍ በኩል ያለው የብረት ክር መያዣም ክሩ ሲላላ ወድቆ ቀለሙን ስለሚጭር ከሥሩ ጨርቅ ይንጠፍ። አንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን በአንድነት የሚጫን መቆንጠጫ) ይሰኩ፤ ካፖው ክሮቹ ከማጠንጠኛው ላይ እንዳይፈቱ ይይዛቸዋል። ፍላትዋውንድ ክር ከታጠፈ እንደ ቀድሞው ስለማይመለስ ይህ ጥንቃቄ ዋጋ አለው። ከዚያም ክሮቹን ያላሉ፣ ከመያዣው አላቀው ወደ ጎን ይሰብስቡ።

የፒክአፑን ቀለበት ከአካሉ ጋር የያዙት 4 ትናንሽ ቪቴዎች ናቸው። የገቡበት እንጨት ስስ ስለሆነ ካቻቢቴው በልኩ የሆነ ይሁን፤ ሲመልሷቸውም መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙረው የነባሩ ጥርስ ላይ ሲወድቅ ቀጭ የሚለውን ስሜት ጠብቀው ያጥብቁ። ፒክአፑን ከነቀለበቱ ቀስ አድርገው ብድግ ያደርጉትና ከሥሩ የሚሄደውን ሽቦ ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አለው። ትርፉ በቂ ከሆነ የኤፍ ቀዳዳውን ሥራ ተገላገሉ ማለት ነው። ሽቦው የተወጠረ ከሆነ በኃይል አይጎትቱ፤ ከታች ስለ ኤፍ ቀዳዳው ሥራ ወደሚናገረው ክፍል ይለፉ።

ቆርጦ መቀጠል

ሽቦውን ከፒክአፑ 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርገው ይቁረጡ፤ ነባሩ ፒክአፕ አንድ ቀን ሌላ ጊታር ላይ ሊገባ ስለሚችል ጭራው እንዳይሞት ነው። በጊታሩ በኩል የቀረው ጫፍ ወደ ውስጥ እንዳይሰምጥ ወዲያውኑ በፕላስተር አካሉ ላይ ይያዝ። ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር የውጭ ልባሱን ያንሱ፤ ዋናውን ሽቦ የሚከልለውን ሹሩባ ሽቦ በአንድ በኩል ሰብስበው ያጠንጥኑት፤ የውስጡን ዋና ሽቦም 5 ሚሊ ሜትር ገፈው በእርሳስ ያልብሱት። የውስጠኛው ላስቲክ በቀላሉ ስለሚቀልጥ ካውያው ከሁለት ሴኮንድ በላይ አይቆይ።

የአዲሱን ፒክአፕ ሽቦ ከ12 ሴንቲ ሜትር አያሳጥሩ። መጀመሪያ እርስ በርስ የሚያያዙትን ሁለት ሽቦዎች በይደው በቱቦ ይሸፍኑ። ከዚያም፣ ይህ የሚረሳ ነገር ነውና፣ ሰፊውን ቱቦ በአንደኛው ኬብል ላይ፣ ቀጭኑን በዋናው ሽቦ ላይ አስቀድመው ያስገቡ፤ ብየዳው ካለቀ በኋላ ቱቦ የሚገባበት መንገድ የለም። ዋናውን ከዋናው፣ ግራውንዱንና ልባስ የሌለውን ሽቦ ከሹሩባው ጋር ያያይዙ። ሁለቱን መጋጠሚያዎች በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርገው ቢሠሯቸው ቱቦው ቢቀደድ እንኳ አይነካኩም። ጥሩ ብየዳ የሚያብለጨልጭና ሽቦው ውስጥ የገባ ነው፤ ደብዛዛና ተንጠልጣይ ጠብታ ከሆነ ካውያውን መልሰው ያሙቁት። በመጨረሻ ሰፊው ቱቦ ሁለቱንም አንድ ላይ ሸፍኖ ይኮማተር። ናስትሮ መጠቀም ይቻላል፣ ግን ሙጫው ከጊዜ በኋላ ስለሚለቅና ክፍት አካል ውስጥ የላላ ነገር ሁሉ ስለሚንጫጫ አልመክረውም።

ክር ሳይገባ በቴስተር ይፈተሻል። የአንገቱ ቁጥር ከፒክአፑ የራሱ ልክ በጥቂቱ ያነሰ መሆን አለበት፤ 7.4 ኪሎ ኦም የሆነ ፒክአፕ ከ500 ኪሎ ኦም ቮልዩም ጋር 7.3 ያህል ያሳያል። ዜሮ አጠገብ ከሆነ ዋናው ከግራውንዱ ተነካክቷል፤ 500 አካባቢ ከሆነ ፒክአፑ አልተያያዘም፣ ቴስተሩ የሚያነበው ቮልዩሙን ብቻ ነው ማለት ነው። መሀሉን ይለኩ፤ የካቻቢቴውን ሙከራ በሁለቱም ላይ ይድገሙ። ከዚያ በኋላ አምፕሊፋየር ላይ ሰክተው ፒክአፖቹን በካቻቢቴ መታ መታ ያድርጉ።

መግጠምና ከፍታ

ፒክአፑን ቀለበቱ ላይ ሲያስሩ ከአዲሱ ጋር የመጡትን ብሎኖች ይጠቀሙ፤ የእስያው ፋብሪካ ብሎን በሚሊ ሜትር፣ የአሜሪካው ደግሞ በኢንች ጥርስ ስለሆነ ተቀያይረው ሲገቡ የፒክአፑን እግር ጥርስ ይበላሉ። የጊታሩ ደረት ስለሚጎብጥ የነባሩ ቀለበት ሥር ለዚያ የተበጀ ነው፤ ቀለበቱን አይቀይሩ።

ክሩን መልሰው፣ ድልድዩን በፕላስተሩ ምልክት ላይ አቁመው፣ ከቃኙ በኋላ መጀመሪያ በተባለው 3 እና 2 ሚሊ ሜትር ይጀምሩ። ቮልዩም ሙሉ ክፍት ሆኖ 6ኛውንና 1ኛውን ክር በእኩል ጉልበት ይምቱ፤ ወፍራሙ ከበዛ በዚያ በኩል ግማሽ ዙር እያወረዱ ያዳምጡ። ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ብሎን ይሂዱ። በ12 ቁጥር ፍላትዋውንድ 1ኛውና 2ኛው ብቻ ጥምጥም የሌላቸው ክሮች ስለሆኑ 2ኛው ከጎረቤቱ ከ3ኛው ይልቅ ጎልቶ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለውን ብሎን አንድ ዙር ያህል ዝቅ ማድረግ፣ የ3ኛውን ግማሽ ዙር ከፍ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ያስታርቃቸዋል። ይህን በኮርድ ሳይሆን አንድ ስኬል (የድምፆች መሰላል) በሁሉም ክሮች ላይ እያወጡና እያወረዱ መሥራት ይሻላል፣ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ሲያልፉ ድምፁ ሲዘል ወዲያው ይሰማልና።

ቶንና ካፓሲተር፤ የኤፍ ቀዳዳው ሥራ

ቶኑን ሲያወርዱ የሚሆነውን ማወቅ ለውሳኔ ይረዳል። የፒክአፕ ጥቅልልና በኬብሉ ውስጥ ያለው አቅም (ካፓሲታንስ) አብረው አንድ ጉብታ፣ ማለትም ከሌላው ጎልቶ የሚወጣ የድምፅ ክልል፣ ይፈጥራሉ፤ 4.5 ሄንሪ የሆነ ፒክአፕ ከ600 ፒኮፋራድ ጋር፣ ማለትም 5 ሜትር ከሚሆን ኬብልና ከራሱ አቅም ጋር፣ ጉብታው 3,000 ኸርዝ አካባቢ ይቆማል። ቶኑ ዜሮ ላይ ሲደርስ ካፓሲተሩ ይጨመርና ጉብታው ቁልቁል ይወርዳል፦ በ0.047 ማይክሮፋራድ ወደ 350 ኸርዝ፣ በ0.022 ወደ 500፣ በ0.010 ወደ 750። ርካሽ ጊታሮች አንዳንዴ በ0.047 ስለሚመጡ ቶኑ ከ3 በታች ጥቅም የለውም። ለአንገቱ 0.022 ወይም 0.015 ቢገባ የቶኑ ጉዞ በሙሉ ለሥራ ይውላል። ይህ ከፒክአፑ ዋጋ ጋር የማይወዳደር፣ ውጤቱ ግን በግልጽ የሚሰማ ለውጥ ነው።

ካፓሲተሩን ለመለወጥ ወይም ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ቮልዩም ለመቀየር ግን ውስጥ ያለውን ማውጣት ግድ ነው። መጀመሪያ በኤፍ ቀዳዳው በኩል የጽዳት ፈሳሽ ነፍተው ቮልዩሙን ደጋግመው በማዞር ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልሆነ የሚከተለውን ያድርጉ። የኤፍ ቀዳዳውን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። የማዞሪያ እጀታዎቹን ከሥራቸው ጨርቅ አሳልፈው ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይሳቡ፤ በካቻቢቴ አይፈንቅሉ። በየቮልዩሙና በየቶኑ ዘንግ ላይ፣ ዳዶው ሳይፈታ፣ በዘንጉ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ እያንዳንዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ይሰኩና በቁጥር ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ዳዶዎቹንና ሮንዴላዎቹን በቱቦው ላይ አሳልፈው ያውጡ፤ ቮልዩሙን ወደ ውስጥ ይግፉ። ቱቦው በቀዳዳው ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ ሥራው ሲያልቅ ቱቦውን ወደ ላይ መሳብ ብቻ ዘንጉን ወደ ራሱ ቀዳዳ ይመልሰዋል። ለጃኩና ለስዊቹም ተመሳሳይ ነው፤ ለስዊቹ ግን ቱቦ ስለማይይዝ ጠንካራ ክር አስረው ያወርዱታል።

ከውስጥ የሚወጣው እንደ ሥር የተጠላለፈ ስለሆነ ምንም ሳይነኩ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ወደ ክር መያዣው የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ አጭር ነው፤ ከተበጠሰ ክሮቹን ሲነኩ የማይቀንስ ጉምጉምታ ይመጣል፣ መልሶ መቀጠሉም አድካሚ ነው። አዲስ ቮልዩም ሲገዙ ትንሹን ዓይነት፣ 500 ኪሎ ኦም፣ ለድምፅ የተሠራውን ይምረጡ። ትልቁ የአሜሪካ ዓይነት በኤፍ ቀዳዳው ላያልፍ ይችላል፤ ቢያልፍም የቮልዩሙ የራሱ አንገት ወፍራም ስለሆነ የጊታሩን ቀዳዳ ማስፋት ይጠይቃል፣ ስስ ንብርብር እንጨትን መቦርቦር ደግሞ ቀለሙን የመፈንጠቅ አደጋ አለው።

ፊድባክ

አዲሱ ፒክአፕ ጥርት ያለ ስለሆነ ጊታሩ ከቀድሞው ቀድሞ ሊጮህ ይችላል። ሁለት ዓይነት ጩኸት አለ፤ ፈውሳቸውም አንድ አይደለም። ቀጭኑና ፉጨት የሚመስለው ከፒክአፑ ልቅ ሽቦ የሚመጣ ስለሆነ ሰም የሚያድነው ይህንን ብቻ ነው። ወፍራሙና በአንድ ዝቅተኛ ድምፅ ላይ እየጎላ የሚሄደው ግን ከአካሉና በውስጡ ካለው አየር የሚመነጭ ስለሆነ ፒክአፕ በመቀየር አይፈታም። ለዚህኛው የኤፍ ቀዳዳዎቹን በተቆረጠ ስፖንጅ ወይም ለዚያ በተሠራ ላስቲክ መድፈን፣ አምፕሊፋየሩን ከጀርባ ሳይሆን ከጎን ማቆምና ባሱን ወደ 3 ዝቅ አድርጎ መሀለኛውን ከፍ ማድረግ ይሠራል። ጩኸቱ የሚነሳበትን ድምፅ በጊታሩ ላይ ፈልገው ካገኙት፣ ባለ ጠባብ ማጣሪያ ያለው አምፕሊፋየር ወይም ፔዳል በዚያች ኸርዝ ላይ ብቻ ጥቂት ዴሲቤል ሲቀንስላት የቀረው ድምፅ ሳይነካ ያልፋል።

ክሮቹ ከተረጋጉ በኋላ የፒክአፑን ከፍታ አንድ ጊዜ እንደገና ይለኩ፤ በ12 ቁጥር ክር ጫና ርቀቱ በጥቂቱ ተለውጦ ሊገኝ ይችላል።